ፖምፓው ከመፈታቱ በፊት፦ የድሮ ናፍጣ ሃይሉክስን ችግር በቅደም ተከተል መፈለግ

የድሮ ናፍጣ ፒክአፕ ጠዋት አልነሳ ሲል፣ ሲያጨስ ወይም ዳገት ላይ ሲደክም ጋራዥ ውስጥ ቀድሞ የሚሰማው ፍርድ «ፖምፓው ነው» የሚል ነው። ፖምፓ፣ ማለትም ናፍጣውን በግፊት ወደ ሲሊንደሮቹ የሚልከው ፓምፕ፣ ደግሞ ከሞተሩ ውድ ዕቃዎች አንዱ ነው፤ ወርዶ፣ ታድሶ፣ ተስተካክሎ እስኪመለስ የሚጠይቀው ገንዘብና ቀን ቀላል አይደለም። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋተኛው ሌላ ነው፦ አየር የሚስብ የጎማ ቱቦ፣ የተደፈነ ፊልትሮ፣ የተቃጠለ ካንዴሌታ (ሞተሩ ሲነሳ ሲሊንደሩን የሚያሞቅ ዕቃ) ወይም የላላ የባትሪ ገመድ። ከዚህ በታች ያለው ፖምፓውን የመጨረሻው ተራ ላይ የሚያስቀምጥ የፍለጋ መንገድ ነው።

ምሳሌ የምናደርገው በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ በብዛት የሚታየውን የድሮውን ቶዮታ ሃይሉክስ ነው፤ 2ኤል (2,446 ሲሲ)፣ 3ኤል (2,779 ሲሲ) ወይም 5ኤል (2,986 ሲሲ) ሞተር ያለውን፣ ቱርቦ ያልተገጠመለትን። በሌላ ኩባንያ የድሮ ናፍጣ ፒክአፕም አካሄዱ ያው ነው፤ ቁጥሮቹ ግን ይለያያሉ።

እነዚህ ሞተሮች ናፍጣውን የሚያዝ ኮምፒውተር የላቸውም። እሳት የሚረጭ ካንዴላም የላቸውም። ፒስተኑ አየሩን ወደ 22 ለ 1 ያምቀዋል፤ የታመቀው አየር ይግላል፤ በጋለው አየር ላይ ናፍጣ ሲረጭ ራሱ ይቀጣጠላል። ስለዚህ ሞተሩ የሚፈልገው አራት ነገር ብቻ ነው፦ በቂ ፍጥነት ያለው ዙር፣ በደንብ ታምቆ የጋለ አየር፣ አየር ያልተቀላቀለበት ንጹሕ ናፍጣ፣ እና ናፍጣው በሰዓቱ መረጨቱ። እያንዳንዱ ብልሽት ከእነዚህ የአንዱ መጉደል ነው።

ቁልፉ ሲዞር

መጀመሪያ ጆሮ ይስጡ። ሞተሪኖው (ማስነሻው) ሞተሩን ቶሎ ቶሎ ያዞራል ወይስ እያቃሰተ? ሞተሩ በዝግታ ሲዞር የታመቀው አየር ሙቀቱን ለብረቱ አስረክቦ ይቀዘቅዛል፤ ናፍጣው ቢመጣም አይቀጣጠልም። ሌሊቱን ያደረ ጤነኛ ባትሪ በቴስተር ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12.2 ካሳየ ግማሹ ብቻ ነው የቀረው። ሞተሪኖው እያዞረ ሳለ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል። ባትሪው ደህና ሆኖ ሞተሩ የሚያቃስት ከሆነ የቴስተሩን አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ አድርገው ረዳት ቁልፍ እንዲያዞር ያድርጉ። ከ0.5 ቮልት በላይ ካነበበ የማሳው ገመድ (ኔጌቲቩን ከሞተሩ ብረት ጋር የሚያገናኘው) ወይም ብሎኑ ዝጓል ማለት ነው፤ በብርጭቆ ወረቀት አጽድቶ ማጥበቅ ይበቃል።

ሞተሪኖው አንዴ «ጠቅ» ብሎ ዝም የሚል፣ ደግመው ደጋግመው ሲሞክሩት ግን የሚይዝ ከሆነ ሙሉውን ሞተሪኖ አይግዙ። በዚህ ዓይነቱ የዴንሶ ሞተሪኖ ራስ ውስጥ ሁለት የመዳብ መገናኛዎች አሉ፤ እነሱ ተበልተው ነው። ሁለቱንም በአንድ ላይ መቀየር ነው፤ አንዱ ብቻ ከተቀየረ ከፍታቸው ስለማይመጣጠን በሽታው ይመለሳል።

በደንብ እያዞረ ካልተነሳ ከኋላ ሆኖ ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። ይህች ትንሽ ነገር ፍለጋውን ለሁለት ትከፍለዋለች። ሞተሪኖው ሲያዞር ነጭ ጭስ ከወጣ ናፍጣ እየደረሰ ነው፤ የጎደለው ሙቀት ነው። ምንም ጭስ ከሌለ ናፍጣው አልደረሰም። ካንዴሌታ መፈተሽም ሆነ የናፍጣ ቱቦ መፍታት ከዚህ በኋላ የሚመጣ ሥራ ነው።

ነጭ ጭስ ካለ፦ ካንዴሌታ

አራቱ ካንዴሌታዎች በአንድ የብረት ዘንግ ተያይዘዋል። ዘንጉን ሳይፈቱ የሚደረግ ፍተሻ አያስተማምንም፤ አንዱ ጤነኛ የሦስቱን ሞት ይሸፍናል። ዘንጉን አውርደው እያንዳንዱን ከሞተሩ ብረት ጋር በኦም ይለኩ። ጤነኛው ከአንድ ኦም ብዙ አይርቅም፤ ምንም የማያነብ ሞቷል። አንድ ብቻ ከሞተ መኪናው ይነሳል፤ ለመጀመሪያው አንድ ደቂቃ ግን ይንቀጠቀጣል፣ ነጭ ያጨሳል። ሁለትና ሦስት ሲሞቱ በደጋ ቅዝቃዜ የማይነሳ መኪና ይሆናል።

አዲስ ሲገዙ በብረቱ ላይ የተጻፈውን ቮልት ከአሮጌው ጋር ያመሳክሩ። ከእነዚህ ሞተሮች አንዳንዶቹ በ12 ቮልት አካባቢ የሚሠራ፣ ሌሎቹ ደግሞ በ6 ወይም በ7 ቮልት አካባቢ ፈጥኖ የሚግል ካንዴሌታ ይጠቀማሉ። የ12ቱ ለ6 በተሠራው መስመር ላይ ቢገጠም ለብ ብሎ ይቀራል። የ6ቱ በቀጥታ 12 ሲያገኝ ደግሞ ጫፉ ያብጣል፤ አንዳንዴም ተሰብሮ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። ለካንዴሌታው ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ሪሌ ሲበላሽ ከዳሽቦርዱ ላይ በእጅ የሚጫን ቁልፍ ማስገጠም የተለመደ መፍትሔ ነው፤ ቮልቱን ሳያረጋግጡ ከተደረገ ግን ይህ አደጋ አብሮ ይመጣል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው መብራት መጥፋቱም ካንዴሌታው መጋሉን አያረጋግጥም፤ መብራቱ የራሱ የጊዜ ቆጠራ አለው።

በአየር ማስገቢያው በኩል ቤንዚን የነከረ ጨርቅ ማስጠጋት ወይም የማስነሻ ስፕሬይ መንፋት አንዳንዶች የሚመኩበት ዘዴ ነው። ካንዴሌታው በጋለበት ሰዓት ይህን ማድረግ ፒስተን ይሰብራል፣ ፊትም ያቃጥላል። አይሞክሩት።

ጭስ ከሌለ፦ ናፍጣው የት ቀረ?

ፖምፓው ላይ አንድ ሽቦ የሚገባበት የናፍጣ መዝጊያ ሶሌኖይድ አለ። ቁልፉ ሲከፈት 12 ቮልት ደርሶት «ጠቅ» ማለት አለበት። ቮልት ደርሶት ዝም ካለ ሶሌኖይዱ ሞቷል፤ ቮልት ካልደረሰው ፊውዙንና ሽቦውን ይከተሉ። ገጠር መንገድ ላይ ከሆነ ሶሌኖይዱን ፈትቶ ውስጡ ያለችውን ተንቀሳቃሽ ዘንግና ስፕሪንግ አውጥቶ አካሉን መልሶ ማጥበቅ ይቻላል፤ ናፍጣው ያልፋል። ነገር ግን መኪናው በቁልፍ አይጠፋም። ፍሬን ይዞ በከፍተኛ ማርሽ ፍሪሲዮን በመልቀቅ ማፈን ነው። ቤት እስኪደርሱ ብቻ።

አሁን ብዙ ገንዘብ ያለ ጥፋቱ የሚባክንበት ቦታ ላይ ደርሰናል፤ አየር።

በእነዚህ መኪኖች ታንከሩ ውስጥ ናፍጣ የሚገፋ ፓምፕ የለም። ናፍጣውን ከኋላ እስከ ፊት የሚስበው ፖምፓው ራሱ ነው። ስለዚህ ከታንከሩ እስከ ፖምፓው ያለው መስመር ሞተሩ ሲሠራ የሚገፋ ሳይሆን የሚስብ ነው። በዚህ መስመር ላይ ቀዳዳ ሲኖር ናፍጣ አይንጠባጠብም፤ አየር ይገባል። መሬት ላይ እርጥበት ፈልጎ አጥቶ «ቱቦው ደህና ነው» የሚለው መካኒክ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የአየር ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ ሌሊት ያደረ መኪና ተነስቶ ወዲያው ይጠፋል፣ ወይም ብዙ ካዞሩት በኋላ ይነሳል፤ አፍንጫው ወደ ላይ ሆኖ ዳገት ላይ ካደረ ይብሳል፤ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ይዋዥቃል፤ ፊልትሮው ላይ ያለው የእጅ ፓምፕ ሲጫን ለስላሳ ነው፣ ጥቂት ጊዜ ሲመታ ግን ይጠነክራል፣ መኪናውም ይነሳል።

ማረጋገጫው ርካሽ ነው። ግልጽ የሆነ፣ ናፍጣ የማያቀልጠው 30 ሴንቲሜትር የፕላስቲክ ቱቦ ወደ ፖምፓው ከሚገባው ቱቦ ጋር አያይዘው ሞተሩን ያስነሱ። ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላም አረፋ እያለፈ ከሆነ አየር አለ። ከየት እንደሚገባ ለማወቅ 5 ሊትር ንጹሕ ናፍጣ የያዘ ጀሪካን ከፖምፓው ከፍ ባለ ቦታ ላይ ያስቀምጡ፤ ከፊልትሮው የሚመጣውን ቱቦ ነቅለው ፖምፓው በቀጥታ ከጀሪካኑ እንዲስብ፣ ትርፍ ናፍጣ የሚመልሰውም ቱቦ ወደዚያው ጀሪካን እንዲፈስ ያድርጉ። መኪናው በዚህ ሁኔታ እንደ አዲስ ከሠራ ፖምፓው ነፃ ነው፤ ጥፋቱ ከፊልትሮው ወደ ኋላ ነው። ከዚያ ፊልትሮውን ብቻ መልሰው ይሞክሩ፣ ቀጥሎ ወደ ታንከሩ የሚሄደውን ቧንቧ። በየደረጃው ችግሩ የተመለሰበት ቦታ መልሱ ነው።

ጥፋተኛ ሆነው የሚገኙት በአብዛኛው የሚታወቁ ናቸው። የእጅ ፓምፑ የውስጥ ጎማ ይሰነጠቃል። ከፊልትሮው ግርጌ ያለው የውሃ ማፍሰሻ ቁልፍ ጎማው ይደርቃል። ከሻሲው ላይ ወደ ሞተሩ የሚሻገሩት አጫጭር የጎማ ቱቦዎች ከውጭ ጤነኛ መስለው በፋሼታው (በማጥበቂያው ቀለበት) ሥር ይሰነጠቃሉ፤ ፋሼታ ከማጥበቅ ቱቦውን 2 ሴንቲሜትር ቆርጦ እንደገና ማስገባት ወይም መቀየር ይሻላል። በብሎን የሚያያዙት መገናኛዎች የመዳብ ሮንዴላ አላቸው፤ በተፈቱ ቁጥር አዲስ ይደረግ።

መኪናው በደንብ ተነስቶ ፍጥነት ላይ ወይም ዳገት ላይ ከደከመና ከጠፋ፣ ከዚያ አሥር ደቂቃ ቆሞ እንደገና ከተነሳ፣ ነገሩ አየር ሳይሆን መደፈን ነው። በመጀመሪያ የታንከሩን ክዳን ይክፈቱ፤ «ፍስስ» ብሎ አየር ከሳበ መተንፈሻው ተደፍኗል። ካልሆነ ታንከሩ ውስጥ ያለው የመሳቢያ ወንፊት በቆሻሻ ተሸፍኗል፤ ሞተሩ ሲቆም ቆሻሻው ስለሚወርድ ነው መኪናው «የሚያገግመው»። ከበርሜልና ከጀሪካን የሚቀዳ ናፍጣ የሚጠቀም መኪና ይህ አይቀርለትም።

ፊልትሮ ሲቀየር አዲሱን በንጹሕ ናፍጣ ሞልተው፣ ጎማውን ቀብተው በእጅ ያጥብቁ፤ ጎማው ከነካ በኋላ ሦስት አራተኛ ዙር ይበቃዋል። የእጅ ፓምፑ እስኪጠነክር ይምቱ። አሁንም ካልተነሳ በሁለት ኢንጀክተሮች (ናፍጣ መርጫዎች) ላይ ያሉትን የቧንቧ ዳዶዎች በ17 ቁልፍ ግማሽ ዙር አላልተው ሞተሪኖውን ያዙሩ፤ ናፍጣው ያለ አረፋ ሲመጣ ያጥብቋቸው። ሞተሪኖውን በአንድ ጊዜ ከ15 ሰከንድ በላይ አያዙሩት፤ መሃል ላይ ግማሽ ደቂቃ ያሳርፉት። ፊልትሮውን ፋብሪካው ከሚለው ይልቅ፣ አቧራ በበዛበትና ናፍጣው ውሃ በሚይዝበት አገር፣ በየ10,000 ኪሎ ሜትር መቀየር ያዋጣል፤ ከግርጌው ያለውን ውሃ ደግሞ በየወሩ ማፍሰስ።

ጭሱና ከፍታው

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ያለው የአየር ግፊት የባሕር ዳርቻውን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ አዲስ አበባ ላይ ከሩብ ብዙ ያላነሰውን አስረክቧል ማለት ነው። ፖምፓው ግን ይህን አያውቅም። የከፍታ ማስተካከያ ካልተገጠመለት በስተቀር ጅቡቲ ላይ የሚረጨውን ያህል ናፍጣ እንጦጦም ላይ ይረጫል። አየሩ ቀንሶ ናፍጣው ካልቀነሰ የተረፈው ጥቁር ጭስ ይሆናል።

ስለዚህ በደጋ፣ ሙሉ ነዳጅ ተረግጦ፣ ዳገት ላይ ትንሽ ጥቁር ጭስ መታየቱ በሽታ አይደለም። በሽታ የሚሆነው በሜዳ መንገድም ሲያጨስ ነው። ያኔ አየር ፊልትሮውን አውጥተው ለአጭር ጊዜ በቆመበት ይሞክሩት፤ ከቀነሰ መልሱ ተገኘ። ካልቀነሰ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ወይም ከልክ በላይ የተከፈተ ፖምፓ ነው። «ጉልበት እንዲኖረው» ተብሎ የፖምፓው የናፍጣ መጠን ብሎን መከፈቱ በዚህ አገር የታወቀ ነው። ውጤቱም የታወቀ ነው፦ ለጥቂት ሳምንት ደስታ፣ ከዚያ የሚፈላ ሞተርና የተሰነጠቀ ቴስታታ (የሲሊንደሮቹ ክዳን)። የተረፈው ናፍጣ ጉልበት ሳይሆን ሙቀት ነው።

ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው። ጠዋት ሲነሳ ብቻ ታይቶ የሚጠፋ ከሆነ የቫልቭ ጎማዎች፣ ነዳጅ ሲረገጥ ሁልጊዜ ከሆነ ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ነው። ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማይጠፋ፣ ናፍጣ የሚሸት ነጭ ጭስ ዘግይቶ የሚረጭ ፖምፓን ወይም የቀነሰ እመቃን ያሳያል፤ ጣፋጭ የሚሸት ከሆነ ኩላንት እየተቃጠለ ነው።

የትኛው ሲሊንደር እንደደከመ ለማወቅ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የኢንጀክተሮቹን ዳዶ አንድ በአንድ ያላሉ። ሲላላ ድምፁ የሚበላሽ ሲሊንደር ይሠራል፤ ምንም ለውጥ የሌለው እሱ ነው የደከመው። ጣት አያስጠጉ፤ በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል፣ ቀላል ቢመስልም ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ጉዳት ነው። ጨርቅ ይሸፍኑበት፣ መነጽር ያድርጉ። ከዚያ የተጠረጠረውን ኢንጀክተር ከጎረቤቱ ጋር ያለዋውጡት። ችግሩ አብሮት ከሄደ ኢንጀክተሩ ነው፤ በመሞከሪያ ማሽን ላይ ለሞተሩ በተወሰነው ግፊት ተከፍቶ እንደ ጉም መርጨት፣ ሲዘጋም ጫፉ ደረቅ መሆን አለበት። ችግሩ እዚያው ከቀረ ሲሊንደሩ ራሱ ነው፤ እመቃ ይለካል።

እመቃ በካንዴሌታው ቀዳዳ በኩል፣ የናፍጣ መዝጊያው ሽቦ ተነቅሎ፣ በሞላ ባትሪ ይለካል። የፋብሪካው የጥገና መጽሐፍ ቁጥር 32 ኪሎ በካሬ ሴንቲሜትር ሆኖ ዝቅተኛው ወሰን 20፣ በሲሊንደሮች መካከል የሚፈቀደው ልዩነት 5 ነው። እነዚህ ቁጥሮች ግን ከባሕር ወለል ጋር የሚሄዱ ናቸው። አዲስ አበባ ላይ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየር ራሱ በሩብ ስለሚያንስ ጤነኛ ሞተር የሚያነበው 24 አካባቢ ነው፤ ወሰኑም ወደ 15 ይወርዳል። 23 ያነበበውን ሞተር «ሊያልቅ ነው» ብሎ ማስፈታት ከፍታን መርሳት ነው። ከቁጥሩ ትልቅነት ይልቅ በአራቱ መካከል ያለው ልዩነት የበለጠ ይናገራል።

አንዱ ሲሊንደር ብቻ ካነሰም ቴስታታ ከማንሳት በፊት የቫልቭ ክፍተት ይለካ። በቀዘቀዘ ሞተር ማስገቢያው ከ0.20 እስከ 0.30፣ ማስወጫው ከ0.40 እስከ 0.50 ሚሊ ሜትር ነው። ቫልቩ መቀመጫው ውስጥ እየሰመጠ ሲሄድ ክፍተቱ ይጠብና ቫልቩ ሙሉ በሙሉ መዝጋት ያቅተዋል። የሚስተካከለው በብሎን ሳይሆን ልዩ ልዩ ውፍረት ባላቸው ክብ ብረቶች ስለሆነ ብዙ ጋራዥ ይዘለዋል።

ውሃው

በአዲስ አበባ ከፍታ ክፍት ድስት ላይ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። 88 የተጻፈበት ቴርሞስታት መከፈት የሚጀምረው በ88 ሲሆን ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው ከአሥር ዲግሪ ያህል በኋላ ነው። ውሃው በ92 እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ 0.9 የተጻፈበት ክዳን ግፊቱን ይዞ መፍያውን ከ110 ዲግሪ በላይ ይወስደዋል። ጎማው የደረቀ ክዳን ያለው መኪና፣ ሌላው ዕቃ ሁሉ ደህና ሆኖ፣ ዳገት ላይ ያፈላል። ከሁሉም በፊት የሚቀየረው ርካሹ ክዳን ነው። በነገራችን ላይ ቴርሞስታቱን በድስት አፍልተው የሚሞክሩ ሰዎች በደጋ «ሙሉ አልተከፈተም» ብለው ጤነኛውን የሚጥሉት በዚሁ ምክንያት ነው።

ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣልም መፍትሔ አይደለም። በእነዚህ ሞተሮች ላይ የቴርሞስታቱ የታችኛው ክፍል ሲሞቅ የአቋራጩን መንገድ የሚዘጋ ነው። ሲወጣ አቋራጩ ክፍት ይቀራል፤ የውሃው ከፊል በራዲያተሩ ሳያልፍ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ቆላ ላይ፣ ለምሳሌ ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ሸለቆ ወርዶ ወደ ደጀን ሲወጣ፣ ጣጣው ይታያል።

ራዲያተሩ ከፊት የተጠራቀመበት ሣርና አቧራ በቀስታ ውሃ ከሞተሩ ወገን ወደ ውጭ ይታጠብ። የፋኑ መሃል ላይ ያለው የሲሊኮን ክላች ዘይቱን ከጨረሰ ፋኑ ሞተሩ ሲሞቅም በቀላሉ በእጅ ይሽከረከራል፤ ሞተሩን አጥፍተው ይሞክሩት። ውሃ ብቻ ሳይሆን ግማሽ በግማሽ ኩላንት ይጠቀሙ፤ ዋናው ጥቅሙ እዚህ ቅዝቃዜ ሳይሆን ዝገት መከላከል ነው።

ቴስታታው ወይም ጓርኒሲዮኑ (ከሥሩ ያለው ማሸጊያ) መጎዳቱ የሚታየው በቀዝቃዛ ሞተር ነው። ክዳኑ ተከፍቶ ሲነሳ የማያቋርጥ አረፋ፣ ወይም ክዳኑ ተዘግቶ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ የራዲያተሩ የላይኛው ቱቦ እንደ ድንጋይ መጠንከሩ። ሞተሩ ገና አልሞቀምና ያ ግፊት ከሙቀት የመጣ አይደለም፤ ከሲሊንደሩ የሸሸ ጋዝ ነው። ሲጠገን ጓርኒሲዮኑ በሦስት ውፍረት እንደሚሠራ ይወቁ፤ ቢ፣ ዲ እና ኤፍ የሚሉ ፊደሎች አሉት። የሚመረጠው ፒስተኑ ከብሎኩ በላይ ስንት እንደሚወጣ ተለክቶ ነው። የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ላይ «የሃይሉክስ ስጠኝ» ብሎ ያገኙትን መግጠም እመቃውን ያወርዳል፣ ወይም ፒስተንና ቫልቭ ያጋጫል።

ያፈላ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ቴስታታውን የሚሰነጥቀው ቅጽበት ነው። አጥፍቶ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ፣ ከዚያ ክዳኑን በጨርቅ ቀስ ብሎ መክፈት።

ቺንጋውና ሌላው ጥገና

የካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) እና የፖምፓው መዞሪያ ጥርስ ያለው የጎማ ቺንጋ ነው። ዕድሜው 100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሲበጠስ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ማመን የለበትም፤ መቼ እንደተቀየረ ማስረጃ ከሌለ ዛሬ እንዳልተቀየረ ይቁጠረው። ከቺንጋው ጋር የወጣሪውን ኩሽኔታና ስፕሪንግ፣ እንዲሁም የሚያንጠባጥቡትን የዘይት መያዣ ጎማዎች ይቀይሩ፤ ዘይት የነካው ቺንጋ ዕድሜውን አይጨርስም። ከተገጠመ በኋላ ሞተሩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙረው ምልክቶቹ መግጠማቸውን ሳያዩ ቁልፍ አይንኩ።

ዘይቱ 15ደብልዩ-40 ለናፍጣ ሞተር የተሠራ ይሁን፣ በየ5,000 ኪሎ ሜትር ከፊልትሮው ጋር። 6 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ የመጨረሻው ዳኛ ግን መለኪያ ዘንጉ ነው። ከወሰኑ በላይ የተሞላ ዘይት በመተንፈሻው ተስቦ ይቃጠላል። በናፍጣ ሞተር ዘይቱ በጥቂት ቀን መጥቆሩ ልማዱ ነው፤ እንደ ወተት መንጣቱ ግን ውሃ ገብቷል ማለት ነው።

አየር ፊልትሮውን ጎማ ላይ እየመቱ ማራገፍ ወረቀቱን ይቀዳል። ከውስጥ ወደ ውጭ በዝቅተኛ ግፊት ይነፋ፤ ከዚያ አምፖል ውስጡ አድርገው ነጥብ ብርሃን ካዩ ይጣሉት። ከፊልትሮው በኋላ ባለው ቱቦ ውስጥ ጣትዎን ይላኩ። አቧራ ከያዘ ፋሻው እየተበላ ነው።

የፍሬን ፔዳሉ እንደ እንጨት ከደረቀ ከፍሬን ዘይቱ በፊት ዲናሞውን ይመልከቱ። ናፍጣ ሞተር የራሱ የአየር መሳብ ኃይል ስለሌለው ለፍሬን የሚሆነውን ቫኪዩም የሚያመነጨው ከዲናሞው ጀርባ ያለች ትንሽ ፓምፕ ናት፤ ዘይት የምታገኘው ከሞተሩ ነው። ዲናሞ ሲቀየር ይህች ፓምፕ የሌለችበት ተገዝቶ እንዳይሆን። ዲፍረንሻሉ ላይ ያለው መተንፈሻም ይጸዳ፤ ተደፍኖ ሳለ የጋለ ዲፍረንሻል ወንዝ ውስጥ ሲገባ በዘይት መያዣው በኩል ውሃ ይስባል። ክሮቼራዎቹ (ጉልበት ወደ ጎማ የሚያስተላልፈው ዘንግ መታጠፊያዎች) በየ5,000 ኪሎ ሜትር ግራሶ ይውሰዱ።

ፖምፓው በእርግጥ ጥፋተኛ ሲሆን

ከላይ ያለው ሁሉ ታልፎ የሚቀረው ተጠርጣሪ እሱ ነው። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ቀዝቃዛ ሆኖ በደንብ ይነሳል፣ ሞቆ ሲጠፋ ግን ሞተሪኖው እስኪደክም አይነሳም። ውስጡ ያሉት ክፍሎች ተበልተው ክፍተታቸው ሰፍቷል፤ የሞቀ ናፍጣ ይቀጥንና በዚያ ክፍተት ይሸሻል። እርጥብ ጨርቅ ፖምፓው ላይ አድርገው ሲቀዘቅዝ ወዲያው ከተነሳ ፍርዱ ጸንቷል። በነዳጅ መስጫው ዘንግ ዙሪያ ናፍጣ ማርጠብ ግን የጎማ መቀየር ብቻ ነው። ፖምፓውን የሚያለሰልሰው ናፍጣው ራሱ ስለሆነ በነጭ ጋዝ የተቀየጠ ናፍጣ የሚያደርሰው ጉዳት ይኸው መበላት ነው።

ሲወርድ ፖምፓውና ሞተሩ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ በሹል ነገር አንድ መስመር ይጫሩ፤ ሲመለስ ሰዓቱን ወደነበረበት ለማምጣት መነሻ ይሆናል፣ የመጨረሻው ማስተካከያ ግን በመለኪያ ሰዓት (ዲያል ጌጅ) ይደረግ። አራቱን ኢንጀክተሮችም አብረው ለመሞከሪያ ማሽኑ ይላኩ፣ የማሽኑን የልኬት ውጤትም በወረቀት ይቀበሉ። መኪናው በደጋ የሚውል ከሆነ የናፍጣው መጠን ከመጽሐፉ በላይ እንዳይከፈት አስቀድመው ይንገሯቸው።